10 ሰከንድ ለየካቲት 12

የስድስት ኪሎን ሐውልት የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ማወቅ ማለት «ሐውልቱ ጋ ጠብቀኝ» ብሎ መቀጣጠር፣ ከሚኒባስ መስኮት አንገትን ሰበር አድርጎ ጫፉን ማየት ከሆነ ማለቴ ነው። 28 ሜትር ይረዝማል፤ ዓይን ወዲያው ወደ ላይ ይሮጣል። ላይ ደግሞ ድንጋይና ሰማይ ነው። ዋናው ነገር ያለው ታች ነው። በግርጌው ዙሪያ ያሉት የነሐስ ምስሎች በእኔ ግምት አገራችን ውስጥ ደጅ ከቆሙት የቅርጻ ቅርጽ ሥራዎች ከምርጦቹ መሃል ናቸው። ማንም ከማያያቸውም መሃል ናቸው።

ስለዚህ ሐውልት ልጽፍ የተነሳሁት በሌላ ክርክር ሰበብ ነው። የወልቂጤና የቡታጅራ ልጆች በተገናኘን ቁጥር ሳይነሳ የማይቀር ወሬ አለ፦ አደባባያችን ላይ ምን ይቁም? አሁን አንዷ የጉራጌ ዞን፣ ሌላዋ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናቸው፤ ዋና ከተማ ደግሞ ሐውልት ያምረዋል። አንዱ ፈረስ ይላል፣ አንዱ እንሰት፣ አንዱ ጀበና፤ ሌላው የመንገድ ሥራውን ያስተባበሩት አባቶች ይሁኑ ይላል። ስለ «ምን» ይሄን ያህል እንጨቃጨቃለን፤ ከስንት ሜትር ርቀት እንደሚታይ ሲጠየቅ ግን ሰምቼ አላውቅም። ጥሩ ነሐስ ምን እንደሚመስል፣ ጥሩ ነሐስ እንዴት እንደሚባክንም፣ ሁለቱን በአንድ ቦታ የሚያሳየው ስድስት ኪሎ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

ታሪኩን ባጭሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ቀናት ከተማዋ ታረደች፣ ተቃጠለች። ኢትዮጵያ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ትላለች፤ በጉዳዩ ላይ ሰፊ መጽሐፍ የጻፈው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ያደርሰዋል። የትኛውም ቁጥር ቢወሰድ ያቺ አዲስ አበባ ትንሽ ከተማ ነበረች። ከየአገሩ በእግሩ ገብቶ በጉልበቱ የሚያድር ሠራተኛ የሞላባትም ነበረች፤ የእኛ አገር ሰዎችም ብዙ ነበሩ።

ሐውልቱን የሠሩት ዩጎዝላቮቹ ቀራጮች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው፤ የቆመው በእኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ሁለቱም በዘመኑ ቀላል ሰዎች አልነበሩም። ኒው ዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግቢ ውስጥ የቆመችው በፈረስ ላይ ያለች ሴት፣ «ሰላም» የምትባለው ነሐስ፣ የአውጉስቲንቺች ናት፤ 1954 እ.ኤ.አ.። ወደ ክርሺኒች ቆየት ብዬ እመለሳለሁ። አንድ ነገር ግን አሁን መባል አለበት፦ እነዚህ ሰዎች ስለ ፋሺስት የሰሙት በሬዲዮ አልነበረም። በ1941 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ጦር የእነሱንም አገር ከፊል ይዞ ነበር። ነሐሱ ላይ መሣሪያ የደገነው ወታደር ተረት ውስጥ ያለ ጭራቅ የማይመስለው ለዚህ ይመስለኛል። ሥራውን የሚሠራ ሰው ይመስላል። ያ ነው የሚያስፈራው።

ቀረብ ብላችሁ ስታዩት መጀመሪያ የሚገባችሁ መጨናነቁ ነው። አካል በአካል ላይ ወድቋል፤ የማን ክንድ የማን እንደሆነ ለመለየት ዓይናችሁ ተመልሶ መሄድ አለበት። ልጇን የያዘች እናት፣ የወደቀ ሰው፣ በላዩ ሌላ የወደቀ ሰው። ከግድግዳ ብቅ ያለ ምስል ከሙሉ ሐውልት የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ጀርባ የለውም። ዞራችሁ ልታመልጡት አትችሉም፣ እሱም ወደ ኋላ ማምለጥ አይችልም፤ ከኋላው ድንጋይ ነው። ለጭፍጨፋ ከዚህ የተሻለ መልክ አላውቅም። አንድ ጀግና መሃል ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ነገሩ ይበላሽ ነበር። እነሱ ሕዝብ አደረጉት።

ብርሃኑም ይሠራል። እንዲህ ዓይነት ምስል በጥላ ነው የሚኖረው። በቀትር የእኛ ፀሐይ ከአናት ላይ ስለምትወርድ ጥላው በሙሉ ወደ ታች ይጎተታል፣ ዓይኖች ጉድጓድ ይሆናሉ፣ ፊት ይጠፋል። ጠዋት ፀሐይ ዝቅ ስትል ግን ወደ ምሥራቅ ያለው ወገን ይነቃል፤ ጣት ከጣት ይለያል።

ዓምዱን ራሱን ግን አልወደውም። ከጦርነቱ በኋላ አውጉስቲንቺች ዳኑብ ወንዝ ዳር ባቲና ላይ ለወደቁት ወታደሮች ያቆመውን ሐውልት ፎቶ ፈልጋችሁ እዩ፤ እዚያም ረጅም ዓምድ አለ። የባቲናው የድል ሐውልት ነው፤ ወደ ሰማይ መሮጡ ያምርበታል። የእኛ ግን ለቅሶ ነው። ለቅሶ ላይ 28 ሜትር ምን ይሠራል? መሃል ላይ ያለው የይሁዳ አንበሳም እንደዚያው ነው፦ ታች ሰው እያለቀሰ ላይ መንግሥት ይናገራል። ሁለት ሐውልት አንድ ላይ ተጣብቋል፤ ከሩቅ የሚታየው ደካማው ነው።

አሁን ወደ ርቀቱ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ አንድ ገጽ ከመሥራታችን በፊት የምንጠይቀው ሰውዬው ስክሪኑን ከምን ያህል ርቀት፣ ለስንት ሰከንድ ያየዋል የሚለውን ነው። ያንኑ ጥያቄ እዚህ እንጠይቅ። በነሐሱ ላይ ያለ ፊት 20 ሳንቲሜትር ነው እንበል፤ አስፋልቱ ማዶ ያለው እግረኛ ደግሞ 25 ሜትር ይርቃል እንበል። ያ ፊት ለዓይን የሚደርሰው ጨረቃ ሰማይ ላይ በምትታይበት ስፋት ገደማ ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ያንሳል። በሌላ አነጋገር ስልካችሁን በ30 ሳንቲሜትር ይዛችሁ እንደምታዩት አንድ ፊደል። ፊት መሆኑን ትለያላችሁ፤ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሰማው አትለዩም። ታክሲ ውስጥ ያለው ደግሞ ግማሹን አደባባይ ቢዞር ቢበዛ 10 ሰከንድ ያገኛል፣ እሱም ረዳቱ በሩ ላይ ካልቆመበት ነው። ቀራጮቹ በአንድ ሜትር ርቀት እንዲነበብ የጻፉትን ነገር ከተማው መኪና በሚሽከረከርበት ክብ መሃል አስቀምጦታል። በዓመት አንድ ቀን፣ የካቲት 12፣ የአበባ ጉንጉን ይዘው የሚቀርቡ አሉ። የቀረው 364 ቀን ሐውልቱ የትራፊክ ማከፋፈያ ነው።

«ያኔ እንዲህ መኪና አልነበረም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። እንዲያውም ለእኔ ከሁሉም ጠንካራው መልስ ይሄ ነው፦ በዚያ ዘመን ሰው በእግሩ ተሻግሮ ይቀርብ ነበር፣ አደባባዩን የገደለው ከተማው ነው እንጂ ቀራጮቹ አይደሉም። ግን ዛሬ ለሚያቆም ሰው ይሄ ሰበብ አይሆነውም። ወልቂጤ ላይ ዛሬ አደባባይ መሃል የሚተከል ነገር ከ20 ዓመት በኋላ ምን እንደሚከበው እናውቃለን፤ ባጃጁ አሁንም ከቦታል።

ክርሺኒችን ቃል በገባሁት መሠረት ላምጣው። ቤልግሬድ ዩኒቨርሲቲ፣ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ፋኩልቲው ፊት ለፊት፣ በ1963 እ.ኤ.አ. የቆመ የኒኮላ ቴስላ ነሐስ አለ። ቴስላ ተቀምጧል፣ ጭኑ ላይ ወረቀት ዘርግቷል፣ ያነባል። ያንኑ ምስል ዩጎዝላቪያ በ1976 ለአሜሪካ በስጦታ ሰጥታ ናያግራ ፏፏቴ አጠገብ ተቀምጧል። የናያግራው ሲበዛ ዝቅ ያለ ነው፤ ልጆች ጭኑ ላይ ወጥተው ይቀመጣሉ፣ ቱሪስት አቅፎት ፎቶ ይነሳል። ምህንድስና የተማረ ሰው ቴስላን እንዲህ ተቀምጦ ሲያነብ ሲያይ ደስ ይለዋል፣ አልደብቅም። ግን ነጥቤ ሌላ ነው፤ ያው ሰው ነው። ስድስት ኪሎ ላይ ከሠሩት እጆች ሁለቱ፣ ቀርበን እንድንነካው ሲፈቀድልን ምን እንደሚሆን ናያግራ ላይ ይታያል።

መነካት ለነሐስ ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። ነሐስ በአብዛኛው መዳብ ነው፤ በተለምዶ አሥር እጅ ገደማ ቆርቆሮ ይገባበታል። አየርና ዝናብ መዳቡን ቀስ እያሉ ያለብሱታል፦ መጀመሪያ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ከዚያ አረንጓዴ። እጅ የነካው ቦታ ግን ይፈተጋል፣ ወርቅ ይመስላል። በዓለም ላይ የተወደደ ነሐስ ሁሉ አንድ የሚያበራ ቦታ አለው፤ ጉልበት፣ ጫማ፣ አፍንጫ። የስድስት ኪሎው ላይ ቀርባችሁ ብትፈልጉ የሚያበራ እጅ፣ የሚያበራ የሕፃን ራስ አታገኙም። የተነካ የለም።

ይህን ይበልጥ የሚያስቆጭ ያደረገው ጎረቤቱ ነው። ዙሪያውን እዩ። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረበት ገነተ ልዑል ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው፤ ውስጡ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ከሕንጻው ደጅ ጣሊያኖቹ የሠሩት ወደ የትም የማይወስድ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ ደረጃ ነው የሚባለው፤ ከነጻነት በኋላ አናቱ ላይ ትንሽ አንበሳ ተቀመጠበት። እንደ ሐውልት ካያችሁት ይሄ ደረጃ ከዓምዱ በብዙ ይበልጣል፦ ጠላት የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ባላገሩ አንድ ቃል ጨምሮ ዘጋበት። ተማሪው በአጠገቡ ያልፋል፣ ግርጌው ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል፣ ለእንግዳ ያስረዳል። ከአደባባዩ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። በሁለት ሙዚየሞች መሃል፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ፣ ለአንድ ተማሪ የ5 ደቂቃ መንገድ። ያም ሆኖ ነሐሱ ደሴት ላይ ነው።

መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይመስለኝም። ዓምዱን ማንም አያንቀሳቅሰው። የታችኞቹን ምስሎች ቅርጽ በሲሊኮን ወስዶ በጀሶ ወይም በነሐስ ደግሞ ማፍሰስ ግን ዛሬ የታወቀ ሥራ ነው፤ ሲፈለግ በስካነር ማንሳትም አለ። ግልባጩ በዩኒቨርሲቲው አጥር ላይ፣ እግረኛው በሚያልፍበት በኩል፣ በደረት ቁመት ይሰቀል። ዝናብ ይምታው፣ ሰው ይንካው።

እንግዲህ ማን ያፈስሰው የሚለው ይመጣል፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኛ አገር የሚዞረው። ከጥንት ጀምሮ ብረት ነጣሪው የሚያውቀው አንድ ዘዴ አለ። ምስሉን በሰም ትሠራለህ፣ በጭቃ ትሸፍነዋለህ፣ እሳት ታሳየዋለህ፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ባዶው ቦታ ላይ ብረቱን ታፈስሳለህ። የድሮ የቤተ ክርስቲያን መስቀሎቻችን ብዙዎቹ የተሠሩት በዚህ ነው። ሰምና ወርቅ የምንለው የቅኔ ስልት ስሙን የወሰደው ከዚሁ የአንጥረኛ ቤት ነው። ቅኔውን በአድናቆት ስንሰማ ኖርን። ሰሙን የሚያቀልጠውን ሰውዬ ግን ቡዳ አልነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለበዛ ነው።

በጉራጌም ቤት ነገሩ ያው ነው፤ ባህላችን ሲወራ ይሄ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉራጌ ጥናቱ በደንብ ጽፎታል። ያንን የምንኮራበትን ትልቅ ክብ ቤት በጥበቡ ያቆመው እንጨት ሠሪ፣ ማረሻውን የቀጠቀጠው አንጥረኛ፣ ቆዳ ያለፋው፤ ከሌላው ጋር አይጋቡም፣ መሬት የላቸውም ነበር። ዛሬ «የጉራጌን ጥበብ የሚያሳይ ሐውልት» ስንል የማንን ጥበብ ነው? ቤቱን አደባባይ ላይ በሲሚንቶ ሠርተን የሠሪውን ስም ካልጠራን፣ ያቺን የድሮዋን ነገር በአዲስ ቀለም ደገምናት ማለት ነው። በበኩሌ የሚቆመው ነገር ፈረስም ይሁን እንሰት፣ የአንጥረኛው ስም ግርጌው ላይ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ፤ ከመረቀው ባለሥልጣን ስም በላይ።

ርቀትን በተመለከተ ግን ከማንም መማር አያስፈልገንም። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስትወርዱ ጢያ መንገዳችሁ ላይ ናት። 36 ትክል ድንጋዮች፣ 32ቱ የተቀረጹ፤ ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። አካባቢው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ የመቃብር ድንጋዮች ናቸው፤ ቁፋሮው የተቀበሩት በአብዛኛው ወጣቶች መሆናቸውን አሳይቷል። ላያቸው ላይ ጎራዴ አለ፣ ክብ አለ፣ ብዙ ሰው ከእንሰት ጋር የሚያመሳስለው ምልክት አለ። አስጎብኚው የጎራዴው ብዛት የተገደለ ጠላት ብዛት ነው ይላችኋል፤ እንደዚያ ይሁን አይሁን ባለሙያዎቹ አልተስማሙም። እኔን የሚገርመኝ ቁመታቸው ነው። ብዙዎቹ ሰው ያህል ናቸው፣ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ። መሃላቸው ትገባላችሁ። ጎራዴው ደረታችሁ ትይዩ ነው። የምልክቶቹ ትርጉም አከራካሪ ሆኖ እንኳን ድንጋዩ ፊት ለፊት ቆሞ ያናግራችኋል፤ ስድስት ኪሎ ላይ ታሪኩን ከነቀኑ እያወቅን ፊቱን ማየት አልቻልንም።

ለሁለተኛው ትምህርት ደግሞ ጀፎረ አለ። ለማያውቅ፦ በጉራጌ መንደር ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው መሃል ላይ የሚተዉት ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፣ መንገድም ነው፣ ሜዳም ነው። ለቅሶው እዚያ ነው፣ ሠርጉ እዚያ ነው፣ ፈረሱ የሚጋልበው፣ ልጁ የሚጫወተው፣ ሽማግሌው የሚቀመጠው እዚያ ነው። አጥር አይገባበትም፣ ማንም ቆርሶ አይወስደውም። አደባባይ የሚባለው የአስፋልት ክብ ሰውን ዙሪያውን ያባርረዋል፤ ጀፎረ ውስጡ ያስገባዋል። እንዲህ ዓይነት ቦታ የፈጠረ ሕዝብ ከተማ ሲገነባ ክቡን ገልብጦ መሃሉ ላይ ጀበና ሲተክል ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ በክርክራችን ላይ የኔ ድምፅ ይሄ ነው። ወልቂጤ ላይ አደባባይ ሳይሆን መናኸሪያው አካባቢ፣ ሰው ተሰልፎ በሚጠብቅበት፣ አንድ ግድግዳ። ቁመቱ ከሁለት ሜትር አይብለጥ። ነሐስ ውድ ነው ከተባለ ከትንሹ እንጀምር፤ አንድ ክንድ ስፋት ያለው አንድ ምስል፣ በየዓመቱ አንድ እየተጨመረ። በእግራቸው አዲስ አበባ የገቡት ሰዎች ይኑሩበት፤ በየካቲት 12 የቀሩትም ይኑሩበት።

ባለፈው ቡታጅራ አንድ የማውቃቸው የብየዳ ቤት ባለቤት ጋር ይሄንኑ አነሳሁ። ስልኬ ላይ የስድስት ኪሎውን ነሐስ ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በጣታቸው አጎሉት፣ የሞቱትን አልፈው የምስሎቹን መጋጠሚያ ነው የፈለጉት።

«ውስጡ ድፍን ነው?»

«አይ ጋሼ፣ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ስስ ነው፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር።»

«ታዲያ በምን ነው የያዘው? ብሎን አይታይም እኮ።»

ከፎቶው አላወቅሁትም። ለኤሌክትሮድና ለላሜራ መርካቶ የሚመላለሱት 30 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ስድስት ኪሎ በታክሲ ስንቴ እንዳለፉ አይቆጥሩትም፣ ወርደው ግን አያውቁም። የሚቀጥለው እሑድ ይመጣሉ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ መኪና ሳይበዛ እንሻገራለን ተባብለናል።